«ሙሉ በሙሉ ሳቆም ንስሐ እገባለሁ» ልክ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ማታ ማታ በስልኬ የዝሙት ቪዲዮ የማየት ልማድ አለብኝ። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሜ ዳግመኛ አላይም ብዬ ማልኩ፣ ሳምንት ሳይሞላኝ ተመለስኩበት። አሁን የንስሐ አባቴን ስለማፍር ሲደውሉም አላነሳም። ሙሉ በሙሉ ሳቆም እሄዳለሁ ብዬ ነው፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ጹም ጸልይ ብዬ አላደክምህም፣ እሱን ታውቀዋለህ። እኔን ያሳሰበችኝ መጨረሻ ላይ ያልካት «ሳቆም እሄዳለሁ» የምትለዋ ናት፣ ይቺን ነገር ከስንቱ ልጅ ሰማኋት መሰለህ! ያመመው ሰው ሲሻለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ይላል እንዴ? ዮሐንስ «በኃጢአታችን ብንናዘዝ» ካለ በኋላ ነው «ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው» ያለው (1ኛ ዮሐ. 1፥9)፣ አንተ ግን መጀመሪያ ራስህን አንጽተህ ከዛ ልትቀርብ ነው። ትሕትና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ትዕቢት አለበት፣ ስቆጣህ አይክፋህ።

መሐላህም ከዚሁ የመጣ ነው። ጴጥሮስ ሁሉ ቢክዱህ እኔ ብሞት እንኳ አልክድህም ብሎ ፎከረ፣ ዶሮ ሳይጮህ ካደ፣ ያውም እየማለ ነው የካደው (ማቴ. 26)። በራሱ ጉልበት ተማምኖ ነበራ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሲያገኘው ሁለተኛ እንዳትክደኝ ማልልኝ አላለውም፣ ሦስቴ «ትወደኛለህን» ብሎ ጠየቀውና በጎቹን ሰጠው። ይሁዳም እኮ ተጸጽቷል ብሩንም መልሷል፣ ግን ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ሄደ፤ ጴጥሮስ እያፈረም ቢሆን ከወንድሞቹ አልተለየም። ስለዚህ ሁለተኛ አትማል፣ የማልከውንም ለአባትህ ንገራቸው።

ሰኔ 24 የምናስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር፣ በግብፅ በረሃ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ ከመነኮሰ በኋላም የዝሙት ፆር (ፈተና) አልለቀቀውም። ቢጨንቀው ወደ መንፈሳዊ አባቱ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገራቸው፣ ወደ በዓቴ (ብቻዬን ወደምጸልይባት ክፍሌ) ልመለስ አልችልም እስከማለት ደርሶ ነበር። እሳቸውም ጣሪያ ላይ አውጥተው በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፣ በምሥራቅ ደግሞ የሚረዱትን መላእክት አሳዩትና ከኛ ጋር ያሉት ይበልጣሉ ብለው መለሱት። እንዳንተ «ሲለቀኝ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮስ?

ደሞ ከአባታቸው ሸሽተው በየጊዜው ለማያውቃቸው ካህን የሚናዘዙ አሉ፣ እንደነሱ እንዳትሆን። አዲሱ ካህን ውድቀቱ የመጀመሪያ ነው የሚመስለው፣ ሥሩን አያይልህም። እንግዲያው ብወድቅም ችግር የለም ማለት ነው እንዳትለኝ ደግሞ፣ ጳውሎስ ሮሜ 6 ላይ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን? አይደለም» ብሎ ዘግቶታል።

ስልኩን ማታ ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ተኛ፣ መኝታ ቤት አይግባ። ይሄ መንፈሳዊ ምክር አይደለም የሚሉኝ አሉ፣ ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት ከተባለ ስልክ ሳሎን ማሳደር ምን አላት! ስግደቱንና ቀኖናውን አባትህ ይስጡህ እንጂ በራስህ ላይ አትቆልል፣ ሥጋ ወደሙ መቼ እንደምትቀበልም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፣ እኔ በጽሑፍ አልወስንልህም። እስኪደውሉልህ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ አንተ ደውልላቸው።