ጨርቁ ገና አልወረደም

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሰራው ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። አሜሪካዊቷን ራፐር ካርዲ ቢን ልታሳየኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የግራሚ ሽልማት ላይ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ አይታችሁት ይሆናል። ገላዋ ላይ ጥብቅ ብሎ ይወርድና ጨርቁ መልሶ ወደ ላይ ተነስቶ ጭንቅላቷን ይከባል።

«እትዬ፣ ይሄን የሰራው ህንዳዊ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ጋውራቭ ጉፕታ ይባላል፤ የዴልሂ ሰው ነው።»

«ታዲያ ራሱ ነው የሰፋው? ማለቴ፣ ዲዛይነር ለመሆን የግድ መስፋት መቻል አለብኝ?»

«ካውያውን ሰኪው» አልኳት። ሌላ መልስ አልነበረኝም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ ያንኑ ጥያቄ በሆዳችሁ ለያዛችሁም ይሄን እጽፋለሁ። ጠንክሩ፣ ተስፋ አትቁረጡ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

በ1998 ዓ.ም. ባለቤቴ ዶክትሬቱን ሊሰራ ዴልሂ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ እሰፋ ነበር። ህንድ ሲባል የሚታየኝ ገላ ላይ የሚጠቀለለው ሳሪና የፊልም ዘፈን ብቻ ነው። ሻህፑር ጃት የሚባል ሰፈር ስገባ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የድሮ ምሽግ ፍርስራሽ ያለበት፣ መንገዱ ጠባብ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ራስ ላይ የተንጠለጠለ ሰፈር ነው። በየምድር ቤቱና በየፎቁ ልብስ ይሰፋል። በአንዱ መስኮት ያየሁት ሳሪ አይደለም። ጀርባው ክፍት የሆነ፣ ትከሻው ላይ በክር የተያዘ የሚመስል፣ መሬት የሚነካ የማታ ቀሚስ ነው። ፓሪስ ነው እንዴ ያለሁት አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የህንድ ሰርግ የብዙ ቀን ድግስ ነው። በዋናው ቀን ሙሽራዋ ሳሪ ወይም ሌሄንጋ ትለብሳለች። ሌሄንጋ ማለት ሰፊ ጉርድ፣ አጭር ሸሚዝና ሻሽ ነው። የኮክቴል ማታ ለሚሉት የመጠጥና የጭፈራ ድግስ ግን ብዙዋ የከተማ ሙሽራ የፈረንጅ ቀሚስ ትፈልጋለች። ዲዛይነሮቹ እንጀራቸው ከሌሄንጋው ነው፤ ልባቸው ግን ብዙ ጊዜ ቀሚሱ ላይ ነው። ባየሁት መጠን ማለቴ ነው።

አንድ ትንሽ የዲዛይነር ቤት ያለ ደመወዝ ልማር ብዬ ገባሁ። እዚያ ቆራጩን «ማስተርጂ» ይሉታል። የእኛ ማስተርጂ ስልሳን ያለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም። ሻያቸውን ከሲኒው ወደ ማስቀመጫው ገልብጠው ፉት ይላሉ። ስዕል ሲስሉ አይቼ አላውቅም። ዲዛይነሯ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጋ ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው ጨርቁን በእጃቸው መዝነው በሳሙና ስባሪ ያሰምራሉ። ወለሉ ላይ ደግሞ ጠላፊዎቹ አሉ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። አዳ የሚሉትን ትልቅ የእንጨት ፍሬም ከበው ይቀመጡና ጫፏ ቆልመም ባለች መርፌ ዶቃ ይለቅማሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ፆም ላይ ነኝ አልኳቸው። ስጋ አትበላም ማለት ነው ብለው እርጎ አቀረቡልኝ። ወተትም አይቻልም ብዬ ለማስረዳት ያየሁት መከራ! ማስተርጂ ብቻ ገባቸው። ሙስሊም ናቸው፣ የራሳቸው ፆም አላቸው። ከዚያ ወዲህ ምስሬን ያለ ቅቤ እንዲሰሩልኝ የሚያስጠነቅቁት እሳቸው ሆኑ።

ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንድ የሙሽራ ቀሚስ መጣ። የኮክቴል ማታ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጆርጄት የሚሉት ስስ የሐር ጨርቅ፣ በሰያፍ የሚቆረጥ። ማስተርጂ ከላይ ያለውን ቆርጠው ጨረሱና መቀሱን ሰጡኝ። «ጉርዱን አንቺ።» ያን መቀስ ለማንም አይሰጡም ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆረጥኩ። ጥሩ ነው አሉ።

ስፌት ለማታውቁ ላስረዳ። ጨርቅ ድርና ማግ ነው። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ ባለበት ይቆማል። በሰያፍ ከቆረጣችሁት ግን ድሩና ማጉ ይላላሉ፣ ጨርቁ ይለጠጣል፣ ዳሌን እንደ ውሃ ተከትሎ ይሄዳል። ያ ሁሉ ውበት ከዚያ ነው። ችግሩ፣ በራሱ ክብደት መውረዱን ይቀጥላል፤ እኩልም አይወርድም። ሰያፉ ያለበት ጎን ይረዝማል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ ከመስተካከሉ በፊት ተሰቅሎ ማደር አለበት።

ማስተርጂ ቀሚሱን ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ለዒድ ወደ አገራቸው መሄጃቸው ነበር። ከታች ዳሰስ አደረጉትና «አቢ ናሂን» አሉኝ፤ ገና ነው ማለት ነው። እስክመለስ ጠርዙን እንዳትነኪ አሉኝ።

በነጋታው ዲዛይነሯ ቀሚሱስ አለች። የቀሩት ጠላፊዎች ስራ ፈትተዋል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ዶቃ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጉርዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኩራቱ አለ። አውርጄ ለካሁ፣ አስተካክዬ ቆረጥኩ፣ ለጠላፊዎቹ ሰጠሁ። ሁለት ሌሊት ሰሩበት። ዶቃ ደግሞ ክብደት ነው።

ማስተርጂ ሲመለሱ ቀሚሱን አዩት። እኔንም አዩኝ። ምንም አላሉም።

ሙሽራዋ ስትለካው ግራና ቀኙ አራት ጣት ወርዶ መሬት ይጠርጋል። ፊት ለፊቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀርቷል። ልጅቷ አለቀሰች። ዲዛይነሯ ዞር ብላ «ማነው የቆረጠው?» አለች።

«ሜኔ» አሉ ማስተርጂ። «እኔ» ማለት ነው።

ዶቃው ተፈትቶ እንደገና ተሰራ፤ ጠላፊዎቹ ሳይተኙ አደሩ። የተበላሸው ከማስተርጂ ደመወዝ ተቆረጠ። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቆየሁ። ዝም አልኩ። ሂንዲዬ ደካማ ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ፤ ግን «ሜኔ» አንድ ቃል ናት፣ አውቃት ነበር። ማስተርጂ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ሻይ ሲመጣ ለእኔም ይጠሩልኛል። መቀሱን ግን ሁለተኛ አልሰጡኝም።

አገር ቤት ከተመለስን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ፣ ሚሼል ኦባማ የህንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር ስትቀበል የለበሰችውን የብር ቀለም ቀሚስ በቴሌቪዥን አየሁ። ሙምባይ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሰራው የዲዛይነሩ የናኢም ካን ስራ ነው። ሰው ሁሉ ስለ እሱ አወራ፣ ይገባዋልም። ጥልፉ የተሰራው ግን ህንድ፣ ቤተሰቦቹ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ለእኔ የታየኝ ወለል ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጀርባ ነው።

ልጄ፣ እና ጥያቄሽ። መስፋት የግድ ነው? አዎ ብዬ መጮህ ያምረኛል። የዛሬ ልጆች የብራንድ ስም ታወጣላችሁ፣ ሎጎ ታሰራላችሁ፣ ቲክቶክ ትከፍታላችሁ፤ ዚፕ ግጠሙ ስትባሉ ሰው ትጠራላችሁ። ያናድደኛል። ደሞ ልዋሽ አልችልም። ህንዳዊው ዲዛይነር ታሩን ታሂሊያኒ አሜሪካ የተማረው ቢዝነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ሙምባይ ውስጥ ኦንሳምብል የሚባል የዲዛይነሮች ሱቅ ከፈተ፣ ፋሽን የተማረው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቅን ገላ ላይ አጥፎ በማውረድ ግን ዛሬ ስሙ ይጠራል። ሌላው ዲዛይነር ማኒሽ ማልሆትራ ፋሽን ትምህርት ቤት አልገባም፤ ቦሊዉድን ያለበሰው ግን እሱ ነው። ስለዚህ የግድ አይደለም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ያደጉበትን ቤት አስቢ። እናቶቻቸው አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ መቀስ ያልነካው ጨርቅ በየጠዋቱ ወገባቸው ላይ ሲያጥፉ እያዩ ነው። የጋውራቭ ጉፕታን ቀሚስ ደጋግመሽ ብታይው ሳሪው እዚያ ውስጥ አለ። የፈረንጅ ቀሚስ ነው እንጂ የፈረንጅ እጅ አይደለም።

ከሁሉም የምወደው ራሁል ሚሽራን ነው። ካንፑር አጠገብ ያለ መንደር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፓሪስ የኦት ኩቱር፣ ማለትም በልክና በእጅ የሚሰራ የከበረ ልብስ፣ ሳምንት ላይ የቀረበ የመጀመሪያው ህንዳዊ ሆነ። ስለ ጠላፊዎቹና ስለ መንደሮቻቸው በየመድረኩ ያወራል። ስሰማው ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ያሳፍረኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ለህክምና ዴልሂ ስትሄድ ያንን ቤት እንድታይልኝ አድራሻ ሰጠኋት። ካፌ ሆኗል አለችኝ። ማስተርጂ ማን ይባላሉ፣ ልጠይቅልሽ ስትለኝ ስማቸውን አላውቀውም። ማስተርጂ ነበር የምላቸው።

ትዕግስተኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ሰርግ ሲበዛ ዛሬም ቀሚስ ሳላሳድር የማስረክብበት ቀን አለ፤ ጨርቁ ጠንካራ ነው ምናምን እያልኩ። ይሄን ስጽፍ ግን ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰያፍ የቆረጠችው የሚዜ ቀሚስ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ደንበኛዋ ዛሬ ብቻ ሁለቴ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅቷ ናት። እጇን ስልኩ ላይ ጋርዳ ወደ እኔ ዞረች። ተነስቼ ጠርዙን ዳሰስኩት።

«ገና ነው በያት» አልኳት።