ትልቁ ሠንጠረዥ ለምን ፈጠነ?

ጥያቄ፦ በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም የእያንዳንዱን አምድ ድምር ያወጣል። 8192 በ8192 በሆነ ሠንጠረዥ ላይ እጅግ ይዘገያል፤ ወደ 8200 በ8200 ሳሳድገው ግን ይፈጥናል። ራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ራምዎ ደህና ነው፤ እባክዎ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። የተበላሸው ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን የሚያነብበት ቅደም ተከተል ነው።

ሲ ሠንጠረዥን ረድፍ በረድፍ አከታትሎ ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከራም አንድ ቁጥር ብቻ ነጥሎ አያመጣም፤ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች በአንድ ጊዜ 64 ባይት ወደ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለው ትንሽና ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ያስገባሉ። ቁጥሮችዎ ባለ 8 ባይት ዳብል (ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች) ከሆኑ ስምንት ጎረቤታሞች አብረው ይመጣሉ። እርስዎ ግን አምዱን ቁልቁል ሲወርዱ አንዱን ብቻ ነክተው 65,536 ባይት ይዘላሉ።

የቀሩት ሰባቱ ለቀጣዮቹ አምዶች ስለሚፈለጉ ካሽ ውስጥ ቢቆዩ ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። አያቆያቸውም። ካሽ ያገኘውን ባሻው ቦታ አያኖርም፤ ምድቡን የሚወስነው አድራሻው ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ ያለው 32 ኪሎባይት የመጀመሪያ ደረጃ ካሽ 64 ምድቦች ሲኖሩት፣ አንዱ ምድብ ስምንት ባለ 64 ባይት መስመሮችን ብቻ ይይዛል። በ65,536 ባይት የሚራራቁ አድራሻዎች ደግሞ ሁሉም አንድ ምድብ ላይ ይወድቃሉ፤ ዘጠነኛው ሲገባ ከቀደሙት አንዱ ይባረራል። ሌሎቹ 63 ምድቦች ለዚህ አምድ ምንም አይረዱም! በ8200 ርቀቱ 65,600 ባይት፣ ማለትም 1025 መስመር ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከቀደመው አንድ ምድብ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ካሽም በዚሁ ምክንያት ይተነፍሳሉ።

ሆኖም መጠኑን በማሳደግ አይርኩ። አሁንም እያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ባለ 4 ኪሎባይት ገጽ (ማህደረ ትውስታው የሚከፋፈልበት ቁራጭ) ላይ ስለሚያርፍ የፕሮግራሙን አድራሻ ወደ ራም አድራሻ መተርጎሙ ራሱ ጊዜ ይበላል። ሁለቱን ሉፖች (የሚደጋገሙትን ዙሮች) ያቀያይሩ፤ የውጪው በረድፍ፣ የውስጠኛው በአምድ ይሂድ። ድምሮቹን በዜሮ በተሞላ የ8192 ቁጥሮች ድርድር ውስጥ እያከሉ ይሂዱ። ድርድሩ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ንባቡም ተከታታይ ስለሚሆን ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ሳይጠየቅ ቀድሞ ያመጣልዎታል።

ረድፍን ወደ አምድ መገልበጥ ሲያስፈልግዎ ግን ማቀያየሩ አያድንም፤ አንዱ ወገን መዝለሉ አይቀርም። ያኔ ሠንጠረዡን 8 በ8 እየከፋፈሉ ይሥሩ፤ የመጣው መስመር ሳይባረር ስምንቱም ቁጥሮች ጥቅም ላይ ይውላሉ። ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አምድ በአምድ ስለሚያስቀምጥ እዚያ ሉፖቹ በተቃራኒው ይደረደራሉ።

ሊኑክስ ካለዎት ከለውጡ በፊትና በኋላ ፐርፍ በተባለው መሣሪያ ካሽ ውስጥ ያልተገኙትን ንባቦች ያስቆጥሩ።