የቅዳሜ ማታው ክርክርና ዝም የተባለችው አንባቢ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎ። ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት የምንሰበሰብ ጓደኛሞች አለን። ተከታታይ ድራማ አብረን እናያለን፣ ካየን በኋላ እንከራከራለን። ክርክሩ ድሮ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን ከአንድ ነገር መላቀቅ አቅቶናል፦ ጌም ኦፍ ትሮንስ ከታላላቆቹ ድራማዎች እኩል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

አንደኛው ጓደኛችን ገና ስሙ ሲነሳ «ዘንዶ ያለበት ነገር ከዘ ዋየር ጋር አብሮ አይጠራም» ይላል። ለእሱ ድራማ ማለት የዘ ዋየር ከተማ ባልቲሞር ነው፤ ፖሊሱ፣ ዕፅ ሻጩ፣ ወደቡ፣ ትምህርት ቤቱ። የቀረው ሁሉ ለእሱ ተረት ነው። ሁለተኛው ብሬኪንግ ባድን ይዞ ይነሳል፤ 62 ክፍል፣ አንድም የባከነ የለም፣ ፍጻሜውም ከአጀማመሩ አያንስም ይላል። ከእኔ ጋር የሚቆመው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያውቀው ሽልማት መቁጠር ነው። 59 ኤሚ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት)፣ አራት ጊዜ ምርጥ ድራማ፣ ዘ ዋየር ስንት አለው? ዜሮ! ይልና ቁጭ። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው።

እኔ የምለው ቀላል ነው። የኔድ ስታርክን ሞት፣ የቀዩን ሠርግ፣ የቲሪዮንን የፍርድ ቤት ንግግር ያየ ሰው እንዴት አድርጎ «ተረት» ይላል? ስምንተኛው ሲዝን ተበላሽቷል፣ አልክድም። ግን በስድስት ክፍል ምክንያት 67ቱ ይጣላሉ? እነሱ የመጨረሻውን ሲዝን እየመዘዙ የመጀመሪያዎቹን ይመቱበታል። ባለፈው ቅዳሜ ጭራሽ «አንተ ዘ ዋየርን መች አየኸው?» ተባልኩ። አይቻለሁ! ቀርፋፋ ስለሆነብኝ በአንድ ተኩል ፍጥነት ቢሆንም የመጀመሪያውን ሲዝን ከዳር እስከ ዳር ጨርሻለሁ።

ታናሽ እህቴም አንዳንዴ አብራን ትቀመጣለች። ጌም ኦፍ ትሮንስ የተወሰደባቸውን አምስቱንም መጽሐፍ አንብባለች፣ ድራማውን ግን ከእኛ ጋር ከምታየው ቁርጥራጭ በቀር አላየችውም። አንዴ «ጄሚ ቲሪዮንን ከእስር ሲያስመልጠው የነገረውን ለምን ተዉት?» ብላ ጠይቃ «መጽሐፉን ተዪው፣ እኛ የምናወራው ስለ ድራማው ነው» ተባለችና ዝም አለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በነጥብም ሞከርኩ፣ የተመረጡ ትዕይንቶችን ደግሜ በማሳየትም ሞከርኩ፤ አልሆነም። አንዱ ጓደኛዬ ጭራሽ መምጣት ትቷል። እነዚህን ሰዎች በምን ላሳምናቸው?

ሌላም ነገር አለ። እህቴ ሰሞኑን «ከመጀመሪያው አንስተን ሁለታችን እንየው» ብላኛለች። እሺም እምቢም አላልኳትም። ከአራተኛው ሲዝን ላይ ባቆማት ይሻላል ወይስ እስከ መጨረሻው ትየው? እውነቱን ለመናገር፣ ከእሷ ጋር ካየሁት ድራማው እንዳይጠላብኝ ፈርቻለሁ።

አክባሪዎ፣
ክርክር የሰለቸው፣ ከአዲስ አበባ



ልጄ፣

ጓደኞችህን የምታሳምንበት ዘዴ አልሰጥህም። እኔን ያስቆመኝ እህትህ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። አንተ በአንድ መስመር ነካ አድርገኸው «ወደ ነገሬ ልመለስ» ብለህ አለፍክ። ነገሩ እኮ እሱ ነበር! ጌም ኦፍ ትሮንስ ከመጽሐፍ የተወሰደ ድራማ ነው፤ ከመካከላችሁ ምን እንደተወሰደና ምን እንደቀረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷን ዝም አሰኝታችሁ የኤሚ ቁጥር መቁጠራችሁ አሳዝኖኛል።

ጥያቄዋን ልመልስልህ። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ጄሚ ወንድሙን ከእስር ሲያስወጣው ለዓመታት የደበቀውን ይናዘዝለታል። ቲሪዮን በልጅነቱ ያገባት ቲሻ በገንዘብ የመጣች ሴት አልነበረችም፤ ከልቧ የወደደችው የድሃ ገበሬ ልጅ ነበረች። ጄሚ ያን ጊዜ የዋሸው በአባቱ ትእዛዝ ነው። ቲሪዮን ይህን ሲሰማ ወንድሙን እስከ ወዲያኛው ይጣላዋል፤ ያልሠራውን ወንጀል ሠርቻለሁ፣ ንጉሥ ጆፍሪን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ አቁስሎት ይሄዳል። ወደ አባቱ መኝታ ቤት የሚወጣው በዚህ ንዴት ነው። ቀስቱን ደግኖበት የሚጠይቀውም ቲሻ የት እንደሄደች ነው።

ድራማው ላይስ? በአራተኛው ሲዝን አሥረኛ ክፍል ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ተሳስመው ይለያያሉ። ነጻ የወጣው ሰው መርከቡ እየጠበቀው ዞሮ ወደ አባቱ ክፍል ይወጣል፤ ያን ሌሊት ምን እንደገፋው ግን ተመልካቹ አልተነገረውም። የሚያስቆጨው ደግሞ፣ በመጀመሪያው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቲሪዮን በጦርነቱ ዋዜማ ድንኳን ውስጥ የዚያችን ሴት ታሪክ ለብሮንና ለሼይ አውርቷል። ዘሩን ዘርተውት ነበር፤ ሳያጭዱት ቀሩ። መጽሐፉ ላይ ከዚህ በኋላ የምናገኘው ቲሪዮን መራራ፣ ክፉም የሆነ ሰው ነው። ድራማው ላይ ግን ቁስሉ ስላልተነካ ከአምስተኛው ሲዝን ጀምሮ ብልህ አማካሪ ሆኖ ይዘልቃል፤ በኋላ አንድ በአንድ የሚሳሳታቸው ምክሮች ከየት እንደመጡ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ስለዚህ ስንጥቁ የጀመረው ስምንተኛው ሲዝን ላይ አይደለም። አንተ በምትመካበት በአራተኛው ላይ ነው፤ እህትህ ቁርጥራጭ ብቻ አይታ ደርሳበታለች።

አሁን ዘንዶ ወደማይወደው ጓደኛህ ልምጣ፤ እሱም ተሳስቷል። የኔድን ሞት ያስጨነቀን ሰይፉ አይደለም፣ መንገዱ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ሰባተኛ ክፍል ላይ የንግሥት ሰርሲን ምስጢር፣ ልጆቿ የንጉሡ አለመሆናቸውን፣ ደርሶበት ሳለ አስቀድሞ ለራሷ ይነግራታል፤ ልጆቿን ይዛ እንድታመልጥ፣ ሕፃናት እንዳይሞቱ ብሎ። የንጉሡ ወንድም ሬንሊ «ሰይፈኞች አሉኝ፣ ልጆቹን ዛሬ ሌሊት እንያዝ» ሲለው እምቢ ይላል። የከተማውን ጠባቂዎች የሚገዛለት ሰው ሲፈልግ ሸረኛውን ሹም ሊትልፊንገርን ያምናል። እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውየው ጠባይ የወጣ ስለሆነ ዘጠነኛው ክፍል ላይ አንገቱ ሲቀላ ደራሲው ገደለው አንልም።

ከዘ ዋየር የመጀመሪያ ሲዝን ደግሞ ዕፅ ሻጩን ልጅ ዋላስን ውሰድ። አለቆቹ የሚፈልጉትን ብራንደንን ያየው እሱ ነው፣ ስልክ ደውሎ ያስያዘውም እሱ ነው። በማግስቱ የተሠቃየውን ሬሳ መስኮቱ ሥር ሲያገኘው ልጁ ይሰበራል። ለፖሊስ ይናገራል፤ ገጠር ወደ አያቱ ይላካል። አንዲት መርማሪ በጥይት ስትመታ ፖሊሶቹ ሁሉ ወደዚያ ይዞሩና እሱን ይረሱታል። ገጠሩ አላስቀምጠው ይለዋል፣ ተመልሶ ሰፈሩ ይመጣል፣ አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ የገዛ ጓደኞቹ ይገድሉታል። አንዱ የመንግሥት እንደራሴ፣ አንዱ የጎዳና ልጅ፤ የድርሰቱ ሙያ ግን አንድ ነው። ዘንዶ መኖሩም አለመኖሩም እዚህ ምንም አይለውጥም።

ጓደኛህ ልክ የሆነበት ግን አለ፦ ዘ ዋየርን አላየኸውም። በአንድ ተኩል ፍጥነት ያየ ሰው አላየም! የጻፉት አንዱ የባልቲሞር ጋዜጠኛ የነበረው ዴቪድ ሳይመን፣ አንዱ የግድያ መርማሪ ሆኖ ኋላም አስተማሪ የነበረው ኤድ በርንስ ናቸው፤ ለተመልካች ብለው ምንም አያብራሩም። አራተኛው ክፍል ላይ ሁለት መርማሪዎች ባዶ ማዕድ ቤት ውስጥ የድሮ ግድያ ይመረምራሉ። ጥይቱ በየት ገባ፣ ገዳዩ የት ቆሞ ነበር፣ ቀለሁ የት ወደቀ፤ ይህን ሁሉ የሚነጋገሩት አንድ የስድብ ቃል ብቻ በተለያየ ድምፅ እየደጋገሙ ነው። ነገሩ የሚገባህ ከዓይናቸው፣ ከእጃቸውና በመካከሉ ካለው ዝምታ ነው። ስታፈጥነው መጀመሪያ የምታጣው ያንን ዝምታ ነው። በትክክለኛው ፍጥነት፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አብርተህ፣ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ እንደገና ጀምር። የጎዳናውን ቋንቋ ጆሮህ እስኪለምደው አራት ክፍል ያህል ይፈጅብሃል፤ እስከዚያ አትፍረድ።

የእኔን ፍርድ ከፈለግህ፣ የጌም ኦፍ ትሮንስ የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች ያ ስንጥቅ እያለባቸውም ከማንም አያንሱም። 73ቱ ክፍል ተደምሮ ግን ከዘ ዋየር 60 ክፍል ጋር አይተካከልም፤ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቱ የሚታይ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን በ1996 የወጣውን መጽሐፍ ይዟል፤ ሁለተኛው የ1998ቱን፤ ሦስተኛውና አራተኛው የ2000ውን ለሁለት ተካፍለውታል። የ2005ቱና የ2011ዱ ግዙፍ መጻሕፍት በአብዛኛው አምስተኛው ሲዝን ውስጥ ተጨምቀው ገቡ፤ ከስድስተኛው ወዲህ ደግሞ ድራማው በአመዛኙ መጽሐፍ ወዳልደረሰበት ሄደ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የጠፋው ርቀት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሡ ከዋና ከተማው ተነስቶ የኔድ ቤት ዊንተርፌል ለመድረስ አንድ ወር ይጓዛል። ሰባተኛው ሲዝን ስድስተኛ ክፍል ላይ ግን ሰዎቹ በበረዶ ሐይቅ ተከበው ሳሉ አንዱ ሮጦ ግንቡ ይደርሳል፣ መልእክት የያዘ ቁራ የዘንዶዎቹ ባለቤት ዴነሪስ እስካለችበት ድራጎንስቶን ይበርራል፣ ዘንዶዎቹም ደርሰው ያድኗቸዋል። መንገድ ዋጋ ካላስከፈለ ውሳኔም ዋጋ አያስከፍልም። የዴነሪስም ነገር እንዲሁ ነው። ከተማ ማቃጠሏ ሊሆን የማይችል ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች አንድ ላይ 13 ክፍል ብቻ ናቸው። የስምንተኛው ሲዝን አራተኛ ክፍል ላይ የቅርብ ወዳጇ ሚሳንዴ ትገደላለች፣ አምስተኛው ላይ ደወሉ ይደወልና ከተማው ይነድዳል። ለኔድና ለዋላስ የተቆጠረው እርምጃ ለእሷ አልተቆጠረላትም።

ብሬኪንግ ባድ የሚለው ጓደኛህ ስለ ፍጻሜው ያለው እውነት ነው። ሽልማት ቆጣሪውን ግን ተወው፤ ዘ ዋየርን አንድም ኤሚ ሳይሰጥ ያለፈ ሽልማት ለዚህ ክርክር ዳኛ አይሆንም። መምጣት ለተወው ጓደኛህ ደግሞ ደውልለት፤ ስለ ድራማ ሳይሆን ስለ ጤናው ጠይቀው።

እህትህን አራተኛው ላይ አታቁማት። ታሪኩ መጽሐፉ ላይ የት እንደቆመ የምታውቅ ሰው ናት፤ ከአንተ ይልቅ ፍጻሜውን የምትናፍቀው እሷ ናት። በምሽት ከሁለት ክፍል በላይ አትዩ። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃት፦ ዛሬ ምን ተዉ? ምንስ ጨመሩ? መልሷን ጻፈው፤ የተተወው ነገር ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ሲዝን በኋላ ነውና ተመልሰህ ታየዋለህ። አምስተኛው ሲዝን ላይ የዶርኑ ታሪክ ሲመጣ አትቸኩሉ። ከመጽሐፉ ስንት ሰው እንደተቀነሰና የቀሩት ለምን ግራ እንደተጋቡ እሷ ታስረዳሃለች። ስምንተኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል 82 ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ጨለማ ውስጥ ስለሆነ የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ የቴሌቪዥኑን ብርሃን ጨምሩ። ብዙ የተጨመቀ ፋይል ላይ ካያችሁት ጥቁሩ ይቆራረጥና ማን ማንን እንደሚወጋ አይለይም።

ይጠላብኛል ብለህ የፈራኸው ነገር ገብቶኛል፤ የወደዱትን ነገር በሚያውቅ ሰው ፊት ማየት ይከብዳል። ግን ለእሷ የምታሳያት ነገር አንተም ጋ አለ። መጽሐፉ እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚተርከው፤ ያ ሰው ያልገባበት ቤት ውስጥ የሚሆነው አይታይም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሮበርትም ሰርሲም የራሳቸው ምዕራፍ የላቸውም። የመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ላይ ባልና ሚስቱ ወይን ይዘው ስለሞተው ትዳራቸው የሚነጋገሩበት፣ እሷ «አንድ ቀን እንኳ ተስፋ ነበረን?» ዓይነት ጥያቄ ጠይቃው እሱ ያለ ርኅራኄ አልነበረም የሚልበት ትዕይንት ከመጽሐፉ አልመጣም፤ ለድራማው የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ የኔድ ልጅ አርያ ለቲሪዮን አባት ለታይዊን ወይን የምትቀዳበትም እንዲሁ፤ መጽሐፉ ላይ የምትቀዳለት ለሌላ መስፍን፣ ለሩዝ ቦልተን ነው። እህትህ እነዚህን አንብባ አታውቅም። እዚያ ስትደርሱ ዝም ብለህ ፊቷን እይ።

ቅዳሜ ጓደኞችህ ሲሰበሰቡ ደግሞ ያንን የጄሚን ጥያቄ አንተ ራስህ አንሳው። መልሱን ግን እሷ ትንገራቸው፤ እስክትጨርስ ማንም እንዳያቋርጣት።