ስለ ማህፀን የውስጥ ሽፋን፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

እንደምን አመሻችሁ። ጎንደር የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የወር አበባ መጥቶ እስኪሄድ በማህፀን የውስጥ ሽፋን ላይ ስለሚሆነው፣ በተለይ ስለ ፕሮቲኖቹ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሲስተር፣ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ከዚያ ይረግፋል። ፕሮቲን ምን አገባው?

መልስ፦ መወፈሩ በአልትራሳውንድ የሚታየው ነው እንጂ ሥራው የፕሮቲኖቹ ነው። እንቁላል ከመውጣቱ በፊት አዛዡ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሴሎቹ ይባዛሉ፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን የሚቀበሉ ፕሮቲኖችም ያኔ ይበዛሉ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይረከባል፤ እጢዎቹም ግላይኮዴሊን የሚባል ፕሮቲን ማመንጨት ይጀምራሉ። እሱ የእናትን የመከላከያ ሴሎች ያለዝባል። ፅንሱ ግማሹ የአባቱ ነዋ፣ እንደ ባዕድ እንዳያዩት።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ፅንስ የሚጣበቅባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ከ20ኛው እስከ 24ኛው ቀን ገደማ ነው። ፅንስ እንዲጣበቅ የሚረዳው ሊፍ (LIF) የሚባለው ፕሮቲን የሚጨምረውም በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የአይጥ ጥናት አለ፣ በጣም ነው የምወደው። ሊፍ የሌላቸው እናት አይጦች ፅንስ ይይዛሉ፣ ግን አይጣበቅም። እነዚያኑ ፅንሶች ወስደው ሊፍ ባላት እናት ማህፀን ውስጥ ሲያስገቧቸው ተጣበቁ። ችግሩ የቤቱ እንጂ የእንግዳው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሽሮና ሥጋ ባበዛ ይረዳኛል?

መልስ፦ እነዚህን ፕሮቲኖች ሴሎቹ በሆርሞን ትእዛዝ ነው የሚሠሯቸው፤ ሽሮ አያበዛቸውም። ደም የሚበዛባት ሴት ግን ብረት ታጣለችና ምግቧን ታስብበት። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከምግብ አራርቋቸው። (ጎንደር ላይ ቡና አራርቁ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።)

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ እርግዝና ካልመጣስ? ሕመሙስ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል። እሱ አፍኖ ይዟቸው የነበሩ ቆራጭ ኢንዛይሞች ይለቀቁና ሽፋኑን አያይዞ የያዘውን ኮላጅን ይበጣጥሱታል። ፕላዝሚን የሚባለው ደግሞ የረጋውን ደም ያሟሟል። የወር አበባ ደም ብዙ ጊዜ ቀጭን ሆኖ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ደሙ ሲበዛ ግን ፕላዝሚን አይችለውም፣ ያኔ ጓል ይወጣል። ትልልቅ ጓል በየወሩ ካያችሁ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። ቁርጠቱ ከፕሮስታግላንዲን ነው። እሱ ራሱ ፕሮቲን አይደለም፣ ከቅባት የሚሠራ ነው፤ የሚሠራው ኢንዛይም ግን ፕሮቲን ነው፣ ኢቡፕሮፌን የሚያግደውም ይህንኑ ነው። ጨጓራ ያለባችሁ ሳትጠይቁ እንዳትወስዱ።

ጥያቄ፦ ልጅ እምቢ ብሎኛል፣ 31 ዓመቴ ነው። እነዚህን ፕሮቲኖች ልመርመር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚታዘዘው ምርመራ ይህ አይደለም። ሳትከላከሉ ዓመት ከሞላችሁ ሂዱ፤ ከ35 በላይ ለሆነች ስድስት ወር ይበቃል። እንቁላል መውጣቱ፣ የማህፀን ቱቦው ክፍት መሆኑና የባል የዘር ፈሳሽ ይታያል። ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ እሱንም ይዘሽው ሂጂ።