ብራካ 1 ላይ ችግር አለብኝ፤ ታዲያ እስካሁን ለምን አልታመምኩም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴም እህቷም የጡት ካንሰር ታመዋል። ተመርምሬ ብራካ 1 የሚባለው ጂን ላይ ከእናትሽ የመጣ ችግር አለ ተባልኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ሁሉም ሴሎቼ ውስጥ ካለ እስካሁን ለምን አልታመምኩም? ወንድሜንስ ያሰጋዋል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የወረሱት ካንሰር አይደለም። ያለ ስኮርታ ጎማ መንዳት እንደማለት ነው፤ መኪናው ይሄዳል፣ ችግሩ ጎማ የተነፈሰ ዕለት ነው።

ብራካ 1 ሁላችንም ያለን ጂን ነው፤ 17ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ሥራው ጥገና ነው። የዘር መረጃችንን በፊደል መልክ የያዘው ዲኤንኤ ሁለት ክር ተጠማዞ የተሠራ ነው፤ አንዳንዴ ሁለቱም ክሮች እኩል ይበጠሳሉ። ያኔ የብራካ 1 ፕሮቲን ቦታው ላይ ደርሶ የተበጠሰውን ጫፍ ያዘጋጃል። ብራካ 2 የሚባለው የሌላ ጂን ፕሮቲን ደግሞ ራድ 51 የተባለ ፕሮቲን ያመጣል። ራድ 51 ጫፉን ይዞ፣ ሴሉ ለመከፋፈል ሲዘጋጅ የገለበጠውን ጤነኛ ቅጂ ይፈልጋል። የጎደለው ከዚያ እየታየ ይሞላል። ይህ ጥገና ከሌለ ሴሉ ጫፎቹን በግርድፉ ያጣብቃቸዋል፤ ፊደል ይጎድላል፣ ቦታ ይቀያየራል።

የእርስዎ ሴሎች ግን ከአባትዎ ያገኙት ደህና ቅጂ አላቸው፤ ለጥገናው አንዱ ይበቃል። አደጋው የሚመጣው አንድ ሴል ያንኑንም በአጋጣሚ ሲያጣ ነው። አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን የዓይን ካንሰር ሲያጠና ይህን የሁለት ምት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከዚያም በኋላ ሌሎች ስህተቶች መከማቸት አለባቸው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ላስፈራራዎት ሳይሆን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይህ ለውጥ ካለባቸው 100 ሴቶች 70 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ የጡት ኤምአርአይና ማሞግራም ያስፈልግዎታል። ይህ ለውጥ ስጋቱን ከፍ የሚያደርገው የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ግን አስቀድሞ የሚይዘው አስተማማኝ ምርመራ የለውም፤ ለዚህ ነው መውለድ ካበቃ በኋላ ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ እንቁላል ማምረቻው እንዲወጣ የምንመክረው። ይህን ከሐኪምዎ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ።

ወንድምዎ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። «የሴት በሽታ ነው» ብሎ እንዳያልፈው። ወርሶት ከሆነ ለልጆቹ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ የራሱም የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር ስጋት ከፍ ይላል። የምርመራ ውጤትዎን ኮፒ አድርገው ይስጡት። ስህተቱ የትኛው ፊደል ላይ እንዳለ ስለሚገልጽ፣ ላቦራቶሪው ያንኑ ቦታ ብቻ ማየት ይበቃዋል።