ከሳቢያን መጋላ በብስክሌት፦ ደወል፣ ፍጥነትና የእግረኛ ቅድሚያ

ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ነው። እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር ተነሥተው በከዚራ ሰፈር በኩል መጋላ ወደሚገኘው የሥራ ቦታዎ በብስክሌት መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ፣ እግረኛና ብስክሌት በሚጋሩት መንገድ ላይ ደወል ሲያሰሙ ሰዎች እንደሚቆጡ፣ ሳያሰሙ ሲያልፉ ደግሞ እንደሚደነግጡ ገልጸው፣ የቱ እንደሚሻልና ቅድሚያው የማን እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚህች ከተማ ለረጅም ዓመታት በብስክሌት ስመላለስ የኖርሁ በመሆኔ የማውቀውን እጽፋለሁ።

በጋራ መንገድ ላይ ቅድሚያው የእግረኛው ነው፤ ይህን ለይሉኝታ ብዬ አልጻፍሁትም። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ እርስዎ ግን ሳይታወቅዎት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። በዚህ ፍጥነት በየሰከንዱ ከ5 ሜትር በላይ ያልፋሉ፤ አደጋውን አይተው ፍሬን እስኪይዙ አንድ ሰከንድ ይሄዳል፣ ፍሬኑ ይዞ ብስክሌቱ እስኪቆም ድረስ ደግሞ ሌላ 5 ሜትር ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ለመቆም 10 ሜትር ገደማ ያስፈልግዎታል። ፍጥነትዎን ወደ 10 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሶምሶማ ወደሚሮጥ ሰው ፍጥነት ካወረዱት ግን 4 ሜትር አካባቢ ይበቃዎታል። ደወል መደወል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በእኔ አስተያየት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ 5 ሜትር ሲቀረው በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደውል ሰው ራሱ ፍሬን በመያዝ ፈንታ እግረኛው እንዲሸሽለት ይፈልጋል።

ደወሉ መኖርዎን ማሳወቂያ እንጂ መንገድ ማስለቀቂያ አይደለም። 15 ወይም 20 ሜትር ሲቀርዎት አንድ ጊዜ ብቻ ለስለስ አድርገው ይደውሉና ፔዳል መምታቱን ያቁሙ፤ ከፊት ያለው ሰው አንገቱን ዞር ወይም ትከሻውን ሸርተት ሲያደርግ ሰምቷል ማለት ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ አልሰማም፣ ወይም መስማት አይችልም፣ ወይም ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ አለ፤ ደግሞ ደጋግሞ መደወል ሳይሆን ወደ እግረኛ ፍጥነት መውረድ ነው የሚያዋጣው። ቅርብ ደርሰው ሲደውሉ የሚሆነውን ከዚራ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ተማሪዎች ከኋላቸው ደወል ሲያንጫርር አንዷ ወደ ቀኝ፣ ሌላዋ ወደ ግራ ትዘላለች፤ መሐሉ የተከፈተ መስሎት ብስክሌተኛው ሲገባ፣ ከሁለቱ አንዷ ጓደኛዋን ፍለጋ ትመለስና ልክ ከፊተኛው ጎማ ፊት ትገኛለች። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ የደነገጠ ሰው የሚሄደው ወደሚያምነው ሰው ነው።

ከደወል ይልቅ ድምፅ ይሻላል እላለሁ፤ ነገር ግን «በግራ ነኝ» ብሎ መጮኽ አይረዳም፣ ምክንያቱም ሰሚው ግራ የሚለውን ብቻ ይዞ ወደዚያው ይዞራል። «ከኋላ ነኝ፣ ባሉበት ይቀጥሉ» ማለት ያለ ድንጋጤ ያሳልፋል። በድሬ አንቱታ እምብዛም አይዘወተርምና «ከኋላሽ ነኝ እናቴ፣ እዚያው ሁኚ» ብትባል የምትቀየም እናት አላጋጠመችኝም፤ ደወሉ ያስቆጣት ሴት ለዚህ ቃል መርቃ ታሳልፋለች።

በየትኛው ዳር እንደሚነዱም ለውጥ ያመጣል። በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይይዛል፣ እግረኛ ደግሞ ግራውን ይዞ እንዲሄድ ከልጅነቱ ይማራል። ሁሉም ይህን ቢጠብቅ፣ ቀኝዎን ይዘው ሲነዱ በእርስዎ በኩል የሚያገኙት ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞረ ሰው ይሆናል፤ ጀርባውን የሰጠዎት በሌላው ዳር ነው። ዓይን ለዓይን የተያየ ሰው አይደናገጥም፤ ፍጥነትዎን ይቀንሱና የሚያልፍበትን ጎን እሱ ይምረጥ። ችግሩ ብዙ ሰው ይህን ሥርዓት የሚጠብቀው ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው።

ለዚህች ከተማ የተለየ የምለው ስለ ጥላ ነው። ረፋድ ላይ ከተማችን እንዴት እንደምትግል ያውቃሉ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የሰውን መሄጃ የሚወስነው የዛፍና የግንብ ጥላ እንጂ የተቀባው መስመር አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ ጎዳናዎች ላይ ጠዋት ጥላው በስተምሥራቅ ባለው ዳር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራቡ ዳር ይዞራል፣ እግረኛውም ለውዝ ሻጯም አብረው ይዞራሉ። የብስክሌት መስመሩ ጥላ ውስጥ ከወደቀ እግረኛው በዚያ መሄዱ የማይቀር ነው፤ ዘንቢል የተሸከመችን ሴት ወደ ፀሐይ ውጪልኝ ብሎ መከራከር ፍርድ አይመስለኝም። እርስዎ ሲነዱ ነፋስ ያገኝዎታል፣ ስለዚህ ፀሐያማውን ዳር ይምረጡ። ይህን ልማድ ካደረግሁ ወዲህ ከእግረኛ ጋር የምነጋገረው ለሰላምታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የመንገዱን ስፋትም ልብ ይበሉ። በብዙ አገሮች መመሪያ እንዲህ ያለ የጋራ መንገድ 3 ሜትር ያህል እንዲሰፋ ይመከራል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይይዛሉ፣ ብስክሌት ደግሞ ሲወዛወዝ ታስቦ አንድ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ መንገዱ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ በእርስዎና በእግረኛው ክርን መካከል የሚተርፍ ክፍተት የለም። በእንዲህ ያለው ቦታ መከተል እንጂ መቅደም አይቻልም። ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ጎርበጥባጣ ቢጫ ንጣፍ ላይ ደግሞ አለመንዳት ብቻ ሳይሆን ብስክሌት አለማቆምም ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ በነጭ በትር የሚመራ ሰው የቆመን ብስክሌት የሚያውቀው ሲጋጨው ነው። በኪራይ ብስክሌት የሚለማመዱ ልጆች ሲያዩም ራቅ ይበሉ፣ ፍሬናቸው የኋላውን ጎማ የሚረግጡበት የጫማ ሶል የሆነ ጥቂት አይደሉም።

በመጨረሻ ስለ መስመርዎ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረው ከዚራ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉና ዛፍ የበዛባቸው ናቸው፤ በውስጥ ለውስጥ ጎዳናዎቹ መኪናውም ስለማይፈጥን የእግረኛውን መንገድ ለእግረኛ ትተው አስፋልቱ ላይ ቀኝ ዳር ይዘው ቢሄዱ እመርጣለሁ፣ ተሳፋሪ ለማንሣት በድንገት ከሚቆም ባጃጅ ግን ርቀት ይጠብቁ። ከሳቢያን በሚመጣው ዋና መንገድ ላይ ከባድ መኪና ስላለ የጋራውን መንገድ በዝግታ መጠቀሙ ይሻላል። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ ድልድዩ ላይ ሰው ከበዛ ወርደው ይግፉ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ሰው ባይኖርም አሸዋው አስፋልቱ ላይ ስለሚቀር መሪውን ሳያጥፉ፣ የፊተኛውን ፍሬን ሳይነኩ ያሳልፉት። ከድልድዩ ወዲያ ወደ መጋላ ገበያ ሲገቡ፣ በተለይ ጫት በሚገባበት ሰዓት፣ እየገፉ መሄዱ ከመንዳት ይፈጥናል።