የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለርን በሰዓትና በሁኔታ ማዘዝ

ጥያቄ፦ ባትሪዬ 12 ቮልት ሊድ-አሲድ ነው። የኮንትሮለሩን (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ረዳት መውጫ ከሪሌ (በኤሌክትሪክ ከሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ጋር አገናኝቼ፣ ባትሪው 13.8 ቮልት ሲደርስ የውኃ ፓምፕ እንዲያስነሳ፣ ከዚያ ሲወርድ እንዲያጠፋ ሞላሁት። ፓምፑ ግን ተነስቶ ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ኮንትሮለሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ፓምፑ ሲነሳ የሚስበው አምፔር ቮልቴጁን ይጎትተዋል፤ 13.8 የነበረው 13.2 ይሆንና ኮንትሮለሩ ያጠፋል። ጭነቱ ሲቀርለት ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ፓምፑም እንደገና ይነሳል። በዚህ ሁኔታ ብዙ ከቆየ የሪሌው መገናኛ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

ማብሪያና ማጥፊያ በአንድ ቁጥር አይታሰሩም። ማብሪያውን 14.2፣ ማጥፊያውን 12.8 አድርገው ይጀምሩ። የመቆያ ጊዜ የሚሞላበት ቦታ ካለ ለማብሪያው 5 ደቂቃ፣ ለማጥፊያው 2 ደቂቃ ይስጡ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ፓምፑ አይረበሽም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ባትሪው 14.2 የሚደርሰው በአብሶርብሽን ደረጃ (ከፍ ባለ ቮልት ሙሌቱ በሚጠናቀቅበት ጊዜ) ላይ እያለ ነው። ሞልቶ ወደ ፍሎት (ሙሌቱን በዝቅተኛ ቮልት ወደሚጠብቅበት ደረጃ) ከተሸጋገረ ኮንትሮለሩ 13.6 አካባቢ ያቆመዋል። እናም ፓምፑ በሆነ ምክንያት ከጠፋ በኋላ፣ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የ14.2 ትእዛዝ በዚያ ቀን ላይነሳ ይችላል። በማውጫው ውስጥ «ፍሎት ሲደርስ አብራ» የሚል ምርጫ ካለ ከቮልት ይልቅ እሱን ይምረጡ፤ መሙላቱን በትክክል የሚያሳየው እሱ ነው። ባትሪው ሊቲየም ፎስፌት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቮልት ጨርሶ አይታመንም፤ ግማሽ ሲሆንም ሦስት አራተኛ ሲሆንም ከ13.2 እስከ 13.3 ቮልት አካባቢ ነውና። ለዚያ በሻንት (የሚገባና የሚወጣውን አምፔር በሚለካ መሣሪያ) የሚገኝ የመቶኛ ንባብ ያስፈልጋል፦ በ95 ይብራ፣ በ80 ይጥፋ።

ሽቦዎንም ይመልከቱ። የፓምፑ መስመር ከኮንትሮለሩ የባትሪ ተርሚናል ላይ ከተነሳ፣ ከባትሪው እስከ ኮንትሮለሩ ያለው ሽቦ 5 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የ10 አምፔር ለውጥ በደርሶ መልሱ ላይ 0.7 ቮልት ያህል ይበላል። ኮንትሮለሩ ይህን ሁሉ የባትሪው መውደቅ አድርጎ ያነበዋል። የፓምፑን መስመር ከባትሪው ራሱ ያንሱት፤ ከፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ ያስገቡ፣ ለ10 አምፔር ፓምፕ 15 አምፔር። በሪሌው ጠመዝማዛ ሽቦ ሁለት ጫፎች ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያስሩ፤ የዳዮዱ ቀለበት ምልክት ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ይሁን። ከተገለበጠ መውጫውን ሾርት ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ፓምፑ ባትሪው ሲሞላ ብቻ፣ ያውም ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ኮንትሮለሬ ግን ለአንድ መውጫ አንድ ሁኔታ ብቻ ነው የሚቀበለው።

መልስ፦ ሁለት መውጫ ካለው አንዱን በቮልት፣ ሌላውን በሰዓት ይዘዙና የሁለቱን ሪሌዎች መገናኛ በተከታታይ ያስሩ፤ ሁለቱም ሲገናኙ ብቻ ፓምፑ ይነሳል። ጎን ለጎን ቢታሰሩ አንዱ ብቻ ያስነሳዋል። አንድ መውጫ ብቻ ካለ የሰዓቱን ሥራ ለ12 ቮልት የተሠራ ታይመር ይውሰደው።

የኮንትሮለሩ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ስለሆነ የእርስዎ 4 ሰዓት 10:00፣ 8 ሰዓት ደግሞ 14:00 ተብለው ይገባሉ። 4:00 ብለው ከሞሉ ፓምፑ የሚታዘዘው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ትእዛዝ የማይቀበል ኮንትሮለርም አለ፤ ለእሱ 18:00 እስከ 23:59፣ ከዚያ 00:00 እስከ 06:00 ብለው ለሁለት ይክፈሉት። ባትሪው በተፈታ ቁጥር ሰዓቱን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መብራቴ ሲመሽ በርቶ 4 ሰዓት እንዲቆይ፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ 1 ሰዓት እንዲበራ ሞልቻለሁ። ምሽት ላይ በርቶ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፣ ቆይቶም ይበራል። የንጋቱ ደግሞ ጨርሶ አይበራም።

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር መብራቱ ራሱ ፓኔሉ ላይ እያበራ እንደሆነ ይጠቁማል። ኮንትሮለሩ መምሸቱን የሚያውቀው በፓኔሉ ቮልቴጅ ነው፦ በ12 ቮልት ሲስተም ብዙ ጊዜ 5 ሲወርድ መሸ፣ 6 ሲያልፍ ነጋ ይላል፤ ያንንም ለማረጋገጥ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። መብራቱ በርቶ ሳለ ማታ በመልቲሜትር የፓኔሉን ቮልት ይለኩ። ከ6 በላይ ካሳየ መብራቱን ያዙሩት፤ ማዞር ካልተቻለ የንጋቱን ወሰን ከለኩት ቁጥር 2 ቮልት ከፍ ያድርጉ።

ሁለተኛው የስሌት ጉዳይ ነው። የንጋቱ ማብራት ከሌሊቱ ርዝመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው የሚገኘው። ርዝመቱ 13 ሰዓት ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ መብራቱ ከመሸ በ12ኛው ሰዓት ሊበራ ይጠብቃል፤ ሌሊቱ 12 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን በዚያው ቅጽበት ይነጋና ትእዛዙ ይሰረዛል። አጭሩን ሌሊት ይሙሉ፣ 11 ሰዓት ተኩል ለምሳሌ። ርዝመቱን በራሱ የሚማር ኮንትሮለር ከሆነ፣ ከተፈታ በኋላ ጥቂት ሌሊቶች ይታገሱት።

ጥያቄ፦ ኢንቨርተሬን በሰዓት ለማጥፋት የኮንትሮለሩ የጭነት መውጫ ላይ ላስረው?

መልስ፦ አይሰሩት። 1000 ዋት ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት ሲይዝ በ12 ቮልት ከ80 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሲነሳም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ለቅጽበት ከዚያ እጅግ የበለጠ ይጠጣሉ። የ20 ወይም የ30 አምፔር መውጫ በዚያው ሊቃጠል ይችላል። ኢንቨርተሩ በወፍራም ሽቦና በፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ይነሳ፤ የኮንትሮለሩ መውጫ በትንሽ ሪሌ አማካይነት የኢንቨርተሩን የሪሞት ማብሪያ ሁለት ገመዶች ብቻ ያገናኝ።